ለእጅ ስካነር የቱ ድንጋይ ይሻላል? ኤርፖርት ወረፋ ለሚጠብቀው ወንድማችን

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም ጋሼ። ቨርጂኒያ ውስጥ ኡበር እሠራለሁ። ደለስ ኤርፖርት ወረፋ ስጠብቅ አውሮፕላኖቹን ልስማበት ብዬ ዩኒደን ቢሲ 125 ኤቲ የሚባል የእጅ ስካነር፣ ማለትም የሬዲዮ ንግግር መቀበያ፣ ከሰው ላይ ገዛሁ። ሁለት ደብል ኤ ድንጋይ ነው የሚጎርሰው። አብረውት የመጡት ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች ሌሊቱን ሙሉ ተሰክተው አድረው ጠዋት አንድ ሰዓት እንኳን አይቆዩም፣ ስለዚህ ጣልኳቸው። አሁን አልካላይን እየገዛሁ ኪሴ ተራቆተ። ጓደኛዬ ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት ብቻ ስለሆነ ለስካነር አይበቃም ይለኛል። በዩኤስቢ የሚሞሉ፣ 1.5 ቮልት የሆኑ፣ 3,600 የሚል የተጻፈባቸው ሊቲየሞች አየሁና ልቤ ሸፈተ። እነሱን ልግዛ? ደግሞ ለገና አዲስ አበባ ስሄድ ስካነሩን ይዤው ብሄድ ችግር አለው?»

ሰላም ወንድሜ። አጭሩን መልስ ላስቀድምልህ፣ ጊዜ ሲኖርህ ዝርዝሩን ታነበዋለህ። በዩኤስቢ የሚሞሉትን ሊቲየሞች ተዋቸው። አራት ደህና የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ፣ ማለትም ያንን የሚናቀውን 1.2 ቮልት፣ ከአንድ ጥሩ ቻርጀር ጋር ግዛ። በቃ። አራት ያልኩህ ሁለቱ ስካነሩ ውስጥ ሲሆኑ ሁለቱ ኪስህ እንዲቀመጡ ነው።

የጣልካቸው ድንጋዮች ግን አሳዘኑኝ። ምናልባት ምንም አልሆኑም ነበር።

የስካነሩን የኋላ ክዳን ክፈትና ድንጋዮቹን አውጣ። የተኙበት ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ስዊች አለች። ብዙ ሰው ዓመት ተጠቅሞበትም አያያትም። በአንድ በኩል አልካላይን፣ በሌላ በኩል ኒኬል የሚል ምልክት ታያለህ። ስዊቿ አልካላይን ላይ ከሆነች ኬብሉን ሰክተህ ሳምንት ብትጠብቅም ስካነሩ ድንጋዩን አይሞላም። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው። አልካላይን ቻርጅ ሲደረግ ይሞቃል፣ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፣ ከዚያ ያፈሳል፣ ሲብስም ይፈነዳል። አንተ ደግሞ ከሰው ላይ ነው የገዛኸው። የበፊቱ ባለቤት አልካላይን ይጠቀም ከነበረ ስዊቿን እዚያው ትቷት ሊሆን ይችላል። የሚያሳስተው ነገር፣ ኬብሉ ሲሰካ ስካነሩ በኬብሉ ኃይል ስለሚሠራ መብራቱም ድምፁም ልክ ነው። ሰው «እየሞላ ነው» ብሎ ይተኛል። ጠዋት ሲነቅለው ድንጋዩ ማታ እንደነበረው ነው።

ስለዚህ አዲስ ድንጋይ ከመግዛትህ በፊት ስዊቿን ተመልከት። በእስክሪብቶ ጫፍ ወደ ኒኬል ግፋት። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር እንዳትረሳ፦ ስዊቿ ኒኬል ላይ ሆና አልካላይን አስገብተህ ኬብሉን እንዳትሰካው። አልካላይን ባስገባህ ቁጥር ስዊቿን መልሳት። «አልረሳም» የምትል ከሆነ እንደኔ አስተያየት ትረሳለህ፤ ሌሊት ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ በስልክ መብራት ድንጋይ የሚቀይር ሰው ስዊች አያስታውስም። አንዱን ዓይነት ምረጥና እሱ ላይ ጽና።

አሁን ወደ ጓደኛህ። 1.2 ከ1.5 ያንሳል፣ እውነት ነው። ግን አልካላይን ላይ የተጻፈው 1.5 የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ነው። ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ እንደ ቁልቁለት ቀስ እያለ ይወርዳል፦ 1.4፣ 1.3፣ 1.2፣ እያለ እስከ 0.9 አካባቢ። ግማሽ ዕድሜውን የሚያሳልፈው 1.2 አካባቢና ከዚያ በታች ነው። በአልካላይን እንዲሠራ የተሠራ ማንኛውም መሣሪያ ይህንን ቁልቁለት ታስቦበት ነው የተሠራው፣ አለበለዚያ ድንጋዩን ግማሽ ላይ ትጥለው ነበር። ኒኬሉ ግን ከቻርጀር ሲወጣ ወደ 1.4 ጠጋ ይላል፣ ወዲያው 1.25 አካባቢ ይረጋና እዚያው ይቆያል። ወደ መጨረሻ ሲደርስ ነው በአንዴ የሚወድቀው። ስለዚህ ረጅሙን ሰዓት ስታየው 1.2 የተባለው ከ1.5 የተባለው የተሻለ ቮልት ይሰጥሃል። ጓደኛህን በዚህ ላይ አትጣላው፣ ይህን ያላለ ሰው የለም።

በዚያ ላይ ይህ ስካነር ከፋብሪካው ሲወጣ ሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ምን ዓይነት ድንጋይ ነው? ኒኬል። ኩባንያው ራሱ ይህንን አብሮ ከሰጠህ የቮልቱ ክርክር እዚያ አለቀ።

የምላሼ ዋና ነገር ከዚህ በታች ያለው ነው፣ ምክንያቱም ይህንን የድንጋይ ሻጩ አይነግርህም።

የምትገዛው ለእጅ ባትሪ ወይም ለሕፃን መጫወቻ አይደለም፣ ለመቀበያ ነው። ስካነር ከሩቅ የመጣ በጣም ደካማ ሲግናል የሚለቅም መሣሪያ ነው። ከድንጋዩ የምትፈልገው ብርታቱን ብቻ አይደለም፣ ጸጥታውንም ነው። ተራ ድንጋይ፣ አልካላይንም ሆነ ኒኬል፣ ኬሚካል ብቻ ነው። ምንም ድምፅ አያወጣም። በዩኤስቢ የሚሞላው 1.5 ቮልት ሊቲየም ግን ድንጋይ ብቻ አይደለም። ውስጡ ያለው የሊቲየም ሴል 3.7 ቮልት ነው፣ ሙሉ ሲሆን 4.2 ይደርሳል። ያንን ወደ 1.5 ለማውረድ ጫፉ ላይ አንዲት ሚጢጢ ሰርኪት ተቀብራለች። ይህቺ ሰርኪት ኃይሉን በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ፣ አንዳንዷ ከሚሊዮን በላይ፣ እያበራች እያጠፋች ነው ቮልቱን የምታወርደው። እንዲህ በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ነገር ሁሉ ደግሞ በራሱ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ነው። ጫጫታው በመነሻ ድግግሞሹ ላይ ብቻ አይቆምም፣ እየተባዛ እየተባዛ ወደ ላይ ይወጣል። እና ይህ ማሰራጫ ያለው የት ነው? ከአንቴናህ አንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ ስካነሩ ሆድ ውስጥ።

አንተን ደግሞ ከሌላው ሰው የበለጠ ይጎዳሃል። የአውሮፕላን ንግግር ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ባንድ ላይ በኤኤም ነው የሚሄደው። ኤኤም ማለት ድምፁ በሲግናሉ ጉልበት ከፍና ዝቅ ላይ የተጻፈ ነው፤ ጫጫታም እንዲሁ በጉልበት ከፍና ዝቅ ስለሚመጣ መቀበያው ሁለቱን መለየት አይችልም። ኤፍኤም ላይ የተወሰነው ጫጫታ ይቆረጣል፣ ኤኤም ላይ በቀጥታ ጆሮህ ውስጥ ይገባል። ከቴክሳስ መኪና ነድቶ የመጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ነጎድጓድ ሲመታ የሚንኮሻኮሸው ኤኤሙ ነው እንጂ ኤፍኤሙ አይደለም።

ውጤቱ ሁሌ ግልጽ ጫጫታ ሆኖ አይመጣም፣ ክፋቱ ይኼ ነው። አንዳንዴ ጥዝ የሚል ድምፅ ትሰማለህ። አንዳንዴ ግን ምንም አትሰማም፣ የሚጠፋው ደካማው ጣቢያ ነው። ማማው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ይሰማሃል፣ ገና ከሩቅ ያለው አብራሪ ግን አይሰማህም። ከዚያ «አንቴናው ነው» ብለህ ሌላ አንቴና ትገዛለህ። ስኩዌልቹን፣ ማለትም ጣቢያ በሌለበት ሽሽታውን የሚዘጋውን ማስተካከያ፣ ከፍ ታደርገዋለህ፣ ይብስበታል። ድንጋዩን ማንም አይጠረጥረውም።

እርግጥ ሁሉም እኩል አይደሉም። ደህና አድርገው የሠሯቸው አሉ፣ ስካነሩም ጥሩ መከላከያ ካለው ላይታወቅህ ይችላል። «ጋሼ፣ ስካነሩ ራሱ ውስጥ ቮልት የሚቀይር ሰርኪት የለም ወይ?» የሚል ጎበዝ ይኖራል። አዎ፣ በሁለት ድንጋይ የሚሠሩ መሣሪያዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ልዩነቱ ያንን ያስቀመጠው ሰው መቀበያ እየሠራ መሆኑን ያውቅ ነበር። ሸፍኖታል፣ አጣርቶታል፣ ቦታውን መርጧል። ድንጋዩ ውስጥ ያለችውን የሠራት ሰው ግን የኮምፒውተር ማውዝና ሪሞት ኮንትሮል ነው የሚታየው።

ምናልባት ቀድመህ አዘህ ከሆነ አትጣላቸው፣ ራስህ ፈትናቸው። ቀላል ነው። ማንኛውም ትልቅ ኤርፖርት አቲስ የሚባል፣ የነፋሱንና የማኮብኮቢያውን መረጃ ያለማቋረጥ የሚደጋግም የተቀዳ ስርጭት አለው። የአቲሱን የድግግሞሽ ቁጥር አስገባና ከኤርፖርቱ እየራቅህ፣ ድምፁ ሊጠፋ ጫፍ ላይ የሚደርስበት ቦታ ፈልግ። መኪናውን አጥፋ። ስካነሩን አንድ ቦታ ላይ አስቀምጠው፣ በእጅህ አትያዘው፣ ምክንያቱም የሰው ገላም አንቴናውን ይቀይረዋል። በተራ ድንጋይ ስማ። ከዚያ ምንም ሳታንቀሳቅስ ዩኤስቢዎቹን አስገባና ስማ። አቲሱ ከሰጠመ መልስህን አገኘህ። ጣቢያ የሌለበት ባዶ ቁጥር ላይ ስኩዌልቹን ከፍተህ ሽሽሽታውን ማወዳደርም ይቻላል፣ ግን ጆሮ በሽሽታ ላይ ይታለላል፤ አቲሱ ይሻላል። ማጣራት ካማረህ የአየር ሁኔታ ሬዲዮውን 162.550 ላይ ስማና አነጻጽር፤ ለዋሽንግተን አካባቢ ቀኑን ሙሉ ያወራል፣ ግን ኤፍኤም ስለሆነ ከአቲሱ ያነሰ ልዩነት ልታይ ትችላለህ።

ሌላም እንከን አላቸው። ሰርኪቷ እስከ መጨረሻው 1.5 ቮልት ትሰጥና ሴሉ ሲያልቅ ድርግም ትላለች። የስካነሩ የባትሪ ምልክት ግን ቮልት አይቶ ነው የሚገምተው። ስለዚህ «ሙሉ ነው፣ ሙሉ ነው» እያለህ ባዶ ያደርግሃል። አንዳንዶቹ መጨረሻ ላይ ቮልቱን ሆን ብለው ዝቅ በማድረግ ያስጠነቅቃሉ፣ ሌሎቹ ግን አያደርጉትም። ደግሞ ስዊቿ ኒኬል ላይ እያለች እነሱን አስገብተህ ስካነሩን በኬብል ቻርጅ ላድርግ ማለት በፍጹም የለም። እነሱ የሚሞሉት ራሳቸው ላይ ባለው ቀዳዳ ወይም በራሳቸው ቻርጀር ብቻ ነው።

ልብህን ያሸፈተው 3,600 ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ማሸጊያውን ጠጋ ብለህ አንብበው። 3,600 ሚሊአምፔር-ሰዓት አይደለም የሚለው፣ 3,600 ሚሊዋት-ሰዓት ነው። ሁለቱ እንደ ኪሎና እንደ ሊትር የተለያዩ ናቸው። ሚሊዋቱን ለ1.5 ቮልት ስታካፍለው 2,400 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይወጣሃል። በሌላ በኩል 2,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚለውን ኒኬል በ1.2 ብታባዛው 2,400 ሚሊዋት-ሰዓት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ንጽጽር 3,600 ለ2,400 ነው እንጂ 3,600 ለ2,000 አይደለም። ሊቲየሙ አሁንም ይበልጣል፣ አልክድም። ግን የተጻፈው አንዳንዴ የውስጡ ሴል ቁጥር ነው፤ ሰርኪቷ ከዚያ ላይ የራሷን ድርሻ ትበላለች። ስካነሩ ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ እያለም ሰርኪቷ ነቅታ ነው የምታድረው።

ኒኬሎች ላይም ውሸት አለ። በደብል ኤ መጠን እውነተኛ ኒኬል ከ2,600 ወይም 2,700 ሚሊአምፔር-ሰዓት ብዙ አያልፍም። 3,300፣ 4,000 የሚል ካየህ እየሳቅህ እለፈው። ሚዛን ካለህ መዝነው፦ ደህና የኒኬል ደብል ኤ ወደ 26 ግራም ይጠጋል። 15 እና 16 ግራም ሆኖ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ኒኬል ልብሱ ብቻ ነው።

ታዲያ የቱን? እኔ የምመክርህ ኤነሉፕ ወይም እሱን የሚመስል፣ ቻርጁን ይዞ የሚቆይ የሚባለውን ዓይነት ነው። ኤነሉፕን መጀመሪያ በ2005 ያወጣው የጃፓኑ ሳንዮ ነው፣ አሁን በፓናሶኒክ ስም ነው የሚሸጠው። ከእሱ በፊት የነበረው ኒኬል አስቸጋሪ ነበር። ሞልተህ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፣ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ስትፈልገው ጎድሎ ታገኘዋለህ። ሰው ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ የጠላው በዚያ ዘመን ነው፣ ጥላቻው እስካሁን አልለቀቀውም። አዲሱ ዓይነት ዓመት ቆይቶም አብዛኛው ቻርጁ ውስጡ ነው።

እዚህ ጋ ሁለት ምርጫ ታገኛለህ። ነጩ ተራው ኤነሉፕ 2,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው፣ እስከ 2,100 ጊዜ ይሞላል ይላል ፋብሪካው። ጥቁሩ ፕሮ የሚባለው 2,500 አካባቢ ነው፣ ግን የሚሞላው 500 ጊዜ ብቻ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሰው ሁሉ ወደ ጥቁሩ ይሮጣል። እኔ ላንተ ነጩን ነው የምልህ። ተጨማሪ ጥንድ ኪስህ ውስጥ ካለ የ500 ልዩነት ምን ያደርግልሃል? ድንጋይ መቀየር ግማሽ ደቂቃ ነው። የአይኪያው ላዳ የሚባለው ባለ 2,450ም በዋጋው ጥሩ ነው፣ ዉድብሪጅ ያለው አይኪያ ለናንተ ሩቅ አይደለም።

ስንት ሰዓት ያቆይሃል? በግምት ስካነሩ 150 ሚሊአምፔር ይበላል እንበል። 2,000ን ለ150 ስታካፍል 13 ሰዓት ገደማ ይመጣል። የጀርባ መብራቱን ሁሌ ካበራኸውና ስፒከሩን ካስጮህከው ይቀንሳል። መብራቱን ቁልፍ ስትነካ ብቻ እንዲበራ አድርገውና በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ስማ፣ ልዩነቱን ታየዋለህ። አንድ ጆሮ ያልኩት ቆመህ ስትጠብቅ ነው እንጂ እየነዳህ ስካነር መስማት ሌላ ጣጣ ነው።

ቻርጀሩ ላይ አትሰስት። ከድንጋዩ ይልቅ ድንጋይ የሚገድለው ቻርጀር ነው። እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው የሚከታተል፣ ሲሞላ አውቆ የሚያቆም መሆን አለበት። ርካሾቹ ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚሞሉት፤ አንዱ ቀድሞ ሲሞላ ሌላውን እየጠበቀ ይጠበሳል። የፓናሶኒክ ሲሲ 17 ቀስ ብሎ በሰባት ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ ማታ ሰክተኸው ለምታድር ሰው ይበቃል። ሲሲ 55 ፈጣን ነው፣ ሁለት ድንጋይ በአንድ ሰዓት ተኩል ይሞላል። ሞቅ ቢል አትደንግጥ፣ ሞልቶ ሲያበቃ ሞቅ ማለቱ ተፈጥሮው ነው። በእጅህ መያዝ እስኪያቅትህ ካቃጠለ ግን ቻርጀሩን ተጠራጠር።

ስካነሩ ውስጥ ያለው ቻርጅስ? ለክፉ ቀን ይሁን። እንዲህ ዓይነቶቹ ስካነሮች ድንጋዩን አይተው ሳይሆን ሰዓት ቆጥረው ነው የሚሞሉት፤ ሜኑው ውስጥ የቻርጅ ሰዓት የሚል ማስተካከያ ያለው ለዚህ ነው። ግማሽ የቀረውን ድንጋይ አስገብተህ ብትሰካው እንደ ባዶ ቆጥሮ ሙሉውን ሰዓት ያስኬደዋል። አንዴ ሁለቴ ምንም አይደለም፣ ልማድ ስታደርገው ነው የድንጋዩ ዕድሜ የሚያጥረው።

መኪና ውስጥ ስለምትሠራ አንድ ነገር ልጨምር። «ድንጋይ ለምን ያስፈልገኛል፣ የመኪናው ዩኤስቢ ላይ እሰካዋለሁ» ልትል ነው። ሞክረው፣ ግን ያቺ የሲጋራ መለኮሻ ላይ የምትሰካ ርካሽ የዩኤስቢ ቻርጀር ልክ እንደዚያች ድንጋይ ውስጥ እንዳለችው ሰርኪት ናት፣ ያውም ገዘፍ ብላ። የስልክህ ቻርጀር እንኳን ስካነሩ አጠገብ ሆኖ ሊጮህበት ይችላል። አውሮፕላኖቹ ድንገት ከደከሙብህ መጀመሪያ እሱን ንቀል። ሃይብሪድ መኪና ከሆነም ሞተሩ ጠፍቶ ሲስተሙ በርቶ ሲቆም የራሱ ጫጫታ አለው። በኬብል መስማት ግድ ከሆነብህ ፌራይት የሚባለውን፣ ኬብሉ ላይ የሚቆለፍ ጫጫታ የሚያፍን ቀለበት፣ ግዛና ስካነሩ ጫፍ ላይ ግጠመው፣ ትንሽ ይረዳል። ሙሉ በሙሉ ጸጥ የሚለው ግን በድንጋይ ሲሠራ ነው።

አልካላይንን ሙሉ በሙሉ እርግፍ አድርገህ ተወው አልልህም። ጣጣው ማፍሰሱ ነው። ስካነር ውስጥ ተረስቶ የከረመ አልካላይን ነጭ አፈር የመሰለ ነገር ይተፋና ሽቦውን ይበላዋል። ያፈሰሰውን ካገኘህ በጥጥ ላይ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ነክረህ ጥረገው፣ ከዚያ በአልኮል አድርቀው፤ የሚያፈሰው ነገር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነ አሲድ ነው የሚያረክሰው፣ ውኃ ብቻ አያነሳውም፣ ዓይንህንም ጠብቅ። የበጋ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ይብሳል። አገር ቤት የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን ሬዲዮ እንሰማ ነበር፣ ይሠራልም፣ ምክንያቱም ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ያነቃዋል። ያ ግን የመጨረሻውን ጭላጭ ለመጭመቅ ነው። ያኔም ቢሆን ስንቱ ሬዲዮ በድንጋይ ፍሳሽ እንደተበላ የምናውቅ እናውቃለን። ሄቪ ዱቲ የሚል የተጻፈበትን ደግሞ ስሙ እንዳያታልልህ፣ ከሁሉም ደካማው እሱ ነው።

ለመጠባበቂያ መኪናው መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ከፈለግህ ቻርጅ የማይደረገውን ሊቲየም ግዛ። ይህ ሌላ ነው፣ ከዩኤስቢው ጋር አታደባልቀው። ውስጡ ምንም ሰርኪት የለውም፣ ስለዚህ ጸጥ ያለ ነው። ኢነርጃይዘር አልቲሜት የሚባለው የታወቀው ነው። ክብደቱ 15 ግራም ብቻ ነው፣ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል፣ ብዙ ዓመት ተቀምጦ አይጎድልም። በጃንዋሪ ውርጭ አልካላይን ሲተኛ እሱ አይተኛም። ውድ ስለሆነ በየቀኑ አታቃጥለው። እሱንም ስታስገባ ስዊቿን ወደ አልካላይን መልሳት፣ ቻርጅ መደረግ የለበትም።

የተቀረው ቶሎ ቶሎ ይለቅ። አሮጌና አዲስ አታቀላቅል። ሁለት የተለያየ ዓይነትም አታቀላቅል፤ ደካማው ቀድሞ ባዶ ይሆንና ጠንካራው በግድ እየገፋ ይገለብጠዋል፣ ያ ድንጋይ ከዚያ በኋላ አይድንም። አራቱን ድንጋይ ስትገዛ በማርከር ሁለቱን «ሀ»፣ ሁለቱን «ለ» ብለህ ጻፍባቸው፣ ሁሌ ጥንድ ሆነው ይግቡ፣ ጥንድ ሆነው ይሞሉ። «መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አሟጥጠህ ጨርሰው» የሚለው ምክር ለድሮው ኒኬል ካድሚየም ነበር፣ አሁን ተወው። ስካነሩ «አልቋል» ሲልህ አውጣና ሙላው፣ ጠፍቶ መልሰህ እያበራህ አትጭመቀው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን በቶሎ አላልፈውም። 14500 የሚባል የሊቲየም ድንጋይ አለ። መልኩም ልኩም ቁርጥ ደብል ኤ ነው፣ ስካነሩ ውስጥ ልክ ብሎ ይገባል። ግን አንዱ ብቻ 3.7 ቮልት ነው። ሁለቱን ስታስገባ 3 ቮልት ለሚጠብቀው ስካነር ከ7 እስከ 8 ቮልት ሰጠኸው ማለት ነው። ያኔ ስለ ድንጋይ ሳይሆን ስለ አዲስ ስካነር ነው የምትጠይቀኝ። አንድ ሰው በነፃ ቢሰጥህም ቁጥሩን ሳታነብ እንዳታስገባ።

ሌላ ስካነር ያላችሁም ይህንኑ ልትከተሉ ትችላላችሁ። ዩኒደን 436 ሦስት ደብል ኤ ነው፣ የዊስለር ቲአርኤክስ 1 አራት። ዲጂታል ስለሆኑ ከዚህኛው በላይ ይበላሉ፣ መጠባበቂያ ሙሉ ስብስብ ያዙ። ኤስዲኤስ 100 ያላችሁ ግን ደብል ኤ የላችሁም፣ የራሱ የሊቲየም ጥቅል ነው። እሱን በዋናው ብቻ ተኩት፣ ስም የሌለውን አትሞክሩ።

አሁን የአዲስ አበባው ጥያቄ። በአውሮፕላን ሕጉ ድንጋዩን በተመለከተ ቀላል ነው። ትርፍ ሊቲየም፣ ቻርጅ የሚደረገውም የማይደረገውም፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅህ ነው የምትይዘው። ኒኬሉና አልካላይኑ በሁለቱም ይሄዳሉ፣ ብቻ ጫፎቻቸው ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር እንዳይነካኩ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጋቸው። ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ «የራሳችንን አውሮፕላን ልስማ» ብለህ እንዳትከፍተው፣ በረራ ላይ የሬዲዮ መቀበያ መክፈት ክልክል ነው።

ስካነሩን ግን ቤትህ ተወው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሬዲዮ መሣሪያዎችን የሚቆጣጠረው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጉምሩክ ላይ ያለው ሰው አንቴና ያለው የእጅ መሣሪያ ሲያይ የሚያስበው ዎኪ ቶኪ ነው። መቀበያ ብቻ ነው፣ አያስተላልፍም ብለህ ብታስረዳ ፈቃዱን ነው የሚጠይቅህ። እንኳን የአውሮፕላን ንግግር የሚሰማ ነገር ይዘህ፣ ባዶ እጅህንም ሻንጣህ ይፈተሻል። እዚህም ቢሆን በመኪና ከቨርጂኒያ ስትወጣ የምትሄድበትን ስቴት ሕግ እይ፤ ፍሎሪዳና ሚኒሶታ የፖሊስ ድግግሞሽ የሚቀበል መሣሪያን ያለ ፈቃድ መኪና ውስጥ መያዝ ይከለክላሉ፣ የአንተም ስካነር እነዚያን ባንዶች ይቀበላል።

ቤት ትተኸው ስትሄድ ድንጋዮቹን አውጣና ሞልተህ ለብቻቸው አስቀምጣቸው። ስትመለስ ሙሉ ሆነው ታገኛቸዋለህ። እና እባክህ ሌላ ነገር ከማዘዝህ በፊት ክዳኑን ክፈትና ስዊቿ የት ላይ እንዳለች ጻፍልኝ፤ ኒኬል ላይ ከነበረች ድንጋዮቹ ምናልባት በእርግጥም ሞተው ይሆናል፣ ያኔ የሽቦዎቹን ንጽሕናና የኬብሉን ነገር አብረን እናያለን።